የካርቶኑ ቁጥርና የመስኮቱ ምስል

መገናኛ አካባቢ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ብትገቡ፣ «ፎር ኬ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን የባሕር ዓሣና የአበባ ቅጠል ሲያሳይ ታገኛላችሁ። ምስሉ በእርግጥ ያስደንቃል። ነገር ግን ያ ፊልም ለማሻሻጫ ተብሎ የተቀረጸ ነው። ይኸው ቴሌቪዥን ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ካለ ቤት ገብቶ ከዲሽ ጋር ሲገናኝ የዜና አንባቢው ፊት ደብዝዞ ይታያል።

ሻጩ ዋሽቷልን? በቁጥሩስ አልዋሸም። መስኮቱ 3840 በ2160፣ ማለትም ከ8 ሚሊዮን የሚበልጡ ነጥቦች አሉት። የኤችዲ ስርጭት ግን ቢበዛ 1920 በ1080፣ 2 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያም ያነሰ የሚልኩ ጣቢያዎች አሉ። የጎደለውን መሣሪያው በግምት ይሞላዋል። በሐምሌ ጭጋግ ከእንጦጦ ላይ ቁልቁል የሚመለከት ሰው፣ ዓይኑ የቱንም ያህል ጤናማ ቢሆን ቦሌን አጥርቶ አያይም። የእኔ ቅሬታ ሻጩ ስለ ጭጋጉ ዝም ማለቱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ከውሸት አርቄ አላየውም።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ ቴሌቪዥን ሊገዙ ሲነሡ አብራችሁ ሂዱ። የዓሣው ፊልም ይቁምና፣ በዲሽ የሚመጣውን ዜና እንዲከፍትላችሁ ሻጩን ጠይቁት። እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው መደብር እለፉ።