የዳዕዋ ፖስተር በክራክ?



በየሴሚስተሩ የፕሮግራም ፖስተር እንሠራለን፤ ለመድረሳ ልጆችም የዐረብኛ ፊደላት ማቅለሚያ ወረቀት እናዘጋጃለን። ለአላህ ብለን የምንሠራው ሥራ ነው። የምንሠራበት ፎቶሾፕ ግን በፍላሽ ከዶርም ዶርም የሚዞር ክራክ ነው። ዝምታችን ይብቃ እንላለን።

«ኩባንያው ሀብታም ነው፣ እኛ ተማሪዎች ነን» ስንል እንሰማለን። የባለቤቱ ሀብት ግን ሐቁን ለእኛ ሐላል አያደርገውም። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ እንደሆኑና መድፈራቸውም እንደማይፈቀድ ወስኗል። በየወሩ በዶላር መክፈል እንደማንችል እውነት ነው። ሌላ መንገድ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ይከብድ ነበር። መንገድ ግን አለ።

ለመሳልና ለማቅለም ክሪታ አለ። ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ቀድተን እንድናካፍል የፈቀዱልን ራሳቸው ሠሪዎቹ ናቸው። ለማቅለሚያ ወረቀቶቻችን ናሙና ስንሠራም በጣም ይመቻል፤ «ከለራይዝ ማስክ» በሚባለው መሣሪያ በየክፍሉ ቀለሙን ጫር ጫር ስናደርግ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ድክመቱ ራም መብላቱ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ሌየር ስናበዛ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ያለቀላቸውን ሌየሮች እያዋሃዱ መሥራት ይሻላል።

ጽሑፍ የክሪታ ጠንካራ ጎን አይደለም። ዐረብኛውንና አማርኛውን በኢንክስኬፕ እንጻፍ። የዐረብኛ ፊደላትን አያይዞ ከቀኝ ወደ ግራ በትክክል ያወጣል፤ ሥራው ቬክተር ስለሆነም ከኤ4 ወደ ባነር ቢሰፋ ጽሑፉ አይደበዝዝም። ፎቶ ለማስተካከል ጊምፕ አለ። ስልክ ብቻ ያለው በአይቢስ ፔይንት መሳል ይችላል፤ ነፃው ግን ማስታወቂያ አለበት።

ፎቶሾፕ ጎበዝ መሆኑን አንክድም። የለመደ እጅ አዲስ ፕሮግራም ላይ መጀመሪያ ይንገዳገዳል፤ የፎቶ ሥራ ላይም ልዩነቱ ይታያል። ግን የእኛ ፖስተር ሰዓት፣ ቦታና አንድ ጥሩ ሥዕል እንጂ የፊልም ማስታወቂያ አይደለም።

ሐሳባችን ይህ ነው፦ ከመጪው ረመዷን ጀምሮ ጀመዓችን በክራክ የተሠራ ፖስተር አይለጥፍ። የለመዱት ወንድሞችና እህቶች አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለሌሎቻችን ያሳዩን። ፍላሹም ክሪታን፣ ኢንክስኬፕንና ጊምፕን ይዞ ከዶርም ዶርም መዞሩን ይቀጥል፤ አሁን የሚዞረው በባለቤቶቹ ፈቃድ ነው።

አላህ ሥራችንን ይቀበለን።