ከእርከኑ ድንጋይ ሥር ማን ይኖራል?

በሰቆጣ ዙሪያ ባሉ ተራሮች ላይ የተሠሩትን የድንጋይ እርከኖች የተመለከተ ሰው የሕዝቡን ድካም ሳያደንቅ አያልፍም። ይሁን እንጂ ስለ እርከን ስንነጋገር ርዝመቱን በኪሎ ሜትር፣ የሸፈነውን መሬት በሄክታር እንቆጥራለን እንጂ ከድንጋዩ ሥር ማን እንደሚኖር አንጠይቅም። በእኔ እምነት ግን ይህ ጥያቄ ለዋግ ኽምራ አፈር፣ ከአፈሩም አልፎ ለገበታው የሚበጅ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ በክረምት እርጥብ ድንጋይ ስትገለብጡ ጀርባው እንደ ጥሩር የተደራረበ፣ ከብርሃን የሚሸሽ ግራጫ ፍጥረት ታገኙ ይሆናል። ብዙዎቻችን ከነፍሳት ወገን ቆጥረን እናልፈዋለን። ነገር ግን የነፍሳት እግር 6 ሲሆን የእርሱ 14 ነው። ሳይንስ «ኢሶፖዳ» ከሚባለው ምድብ ያስገባዋል፤ ዘመዶቹም ሸርጣንና ሽሪምፕ ናቸው።

ይህ እንስሳ በየብስ ቢኖርም ውኃን አልተላቀቀም። የሚተነፍሰው ከሆዱ ሥር በሚገኙ ስንጥብ መሰል አካላት ስለሆነ እነርሱ ከደረቁ ይሞታል። ቀን ተደብቆ ሌሊት የሚወጣው፣ ከመሰሎቹም ጋር ተጠጋግቶ የሚቀመጠው ስለዚሁ ነው። እናቲቱም እንቁላሎቿን ከደረቷ ሥር ባለ ፈሳሽ በያዘ ከረጢት ውስጥ ታቅፋለች። በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ በረሃዎች የሚኖረው «ሄሚሌፒስተስ» ደግሞ ከነቤተሰቡ በጉድጓድ እየኖረ፣ ቤተኛውን ከባዕድ በጠረን እየለየ ድርቀቱን ይቋቋማል።

ምግቡ በዋናነት የረገፈ ቅጠልና የበሰበሰ እንጨት ነው። የራሱንም ኩስ መልሶ ይበላል፤ ለደሙ የሚያስፈልገውን መዳብ በከንቱ አያባክንምና። ቅጠሉን ሲያደቅቀው ባክቴሪያና ፈንገስ በቀላሉ ያበሰብሱታል፤ በቅጠሉ ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገርም ወደ አፈር ይመለሳል። የምድር ትልና ምስጥም የዚሁ ሥራ ተካፋዮች ናቸው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በማሳችን ላይ ለእነዚህ ሠራተኞች የሚተርፍ ቀለብ የለም። ጭዱና አገዳው ለከብት፣ ኩበቱ ለምድጃ ይሄዳል። እርከኑ አፈሩን ያቆመዋል እንጂ አይመግበውም። ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ማገዶና መኖ ያጣ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። ስለሆነም «ጭዱን ማሳ ላይ ተዉ» ብሎ መስበክ ብቻውን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ፣ በእርከን ጠርዝ የሚተከል የመኖ ዛፍና ኮምፖስት ከእርከኑ እኩል ሊታሰብባቸው ይገባል።

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ያለመ ነው። የሕፃኑ ምግብ ግን ከአፈር ይጀምራል፤ አፈሩም የሚበላ ይሻል።

በባዮሎጂ ትምህርታችን የሩቅ አገር እንስሳትን ስም እንሸመድዳለን፤ በደጃችን ያለውን ግን አናውቅም። ስለዚህ አንድ ሥራ ልስጣችሁ። በክረምት ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ደን ጥላ ሥር 10 ድንጋዮች፣ ከማሳ እርከን ላይም መጠናቸው ተመሳሳይ የሆኑ 10 ድንጋዮች፣ አስፈቅዳችሁ ገልብጡ። ያገኛችሁትን ቆጥራችሁ መዝግቡ፤ ድንጋዩንም ወደ ቦታው መልሱ። አባቶችንና እናቶችን በኽምጣና ቋንቋ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁና ስሙንም ጻፉ። ውጤቱን ለሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ብታደርሱት ከፈተና ነጥብ የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል።

እርከኑን የሠሩት ወላጆቻችሁ ናቸው። ከሥሩ ያለውን ሕይወት ማወቅ ደግሞ የእናንተ ድርሻ ይሁን።