ሕጉ ከመድረሱ በፊት መምህሩ ይደርሳል

የግለሰብ መብት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን እስር ቤትና ፍርድ ቤት ነው፤ የጠዋት ሰልፍ ትዝ አይለንም። ዳሩ ግን ልጅ የመንግሥትን ትእዛዝ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያው ሰልፉ ላይ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ነው። ታዲያ አንድ ተማሪ «ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብሎ ዝም ቢል ምን ይደረግ? የሦስት አገሮችን መልስ እናነጻጽር።

በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር፣ የይሖዋ ምስክሮች ልጆች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው እ.ኤ.አ. በ1935 ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1940 በ8 ለ1 ድምፅ በልጆቹ ላይ ፈረደ። ከዚያ በኋላ የእምነቱ ተከታዮች በየቦታው ተደበደቡ። በ1943፣ ያውም በጦርነት መካከል፣ ያው ፍርድ ቤት በሌላ ክስ በ6 ለ3 ድምፅ የቀድሞ ፍርዱን ሻረ። ልብ በሉ! በመካከሉ ከሕገ መንግሥቱ አንዲት ቃል አልተለወጠችም፤ የተለወጠው የዳኞቹ አስተያየት ነው።

በህንድ፣ በኬረላ፣ ሦስት እህትማማችና ወንድማማች መዝሙር ሲዘመር በአክብሮት ቆሙ እንጂ አልዘመሩም። በ1985 ተባረሩ። የክፍለ ሀገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤቱታቸውን ጣለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በነሐሴ 1986 «ዘምሩ የሚል ሕግ የለም፤ መቆማቸው አክብሮት ነው» በሚል መንፈስ ፈርዶ እንዲመለሱ አዘዘ።

በጃፓን ደግሞ ተራው የመምህራን ሆነ። የቶኪዮ ትምህርት ቦርድ በ2003 መምህራን ለሰንደቅ ዓላማው ቆመው እንዲዘምሩ አዘዘ፤ እምቢ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ መምህራን ተቀጡ። ሕገ መንግሥቱ የኅሊናን ነፃነት ቢያረጋግጥም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 ትእዛዙን ደገፈ። በ2012 ግን ከሥራ ማገድንና ደመወዝ መቁረጥን የመሰሉ ከባድ ቅጣቶች ጥንቃቄ ይሻሉ ብሎ አንዳንዶቹን ሰረዘ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? መብቱ በሦስቱም አገር ተጽፏል። በሁለቱ አገሮች ግን ፍርድ ልጆቹን የደገፈው ከተባረሩ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደል? በየጠዋቱ ሰልፉ ላይ የሚገኘው ዳኛው ሳይሆን መምህሩ ነው።

«ይህ የአገር ፍቅርን ያላላል» የሚሉ አይጠፉም። ሰልፍ ሥነ ሥርዓት እንደሚያስፈልገው አይካድም። የሚረብሸውንና የሚሳደበውን መገሠጽ ተገቢ ነው። ዝም ብሎ በአክብሮት የቆመ ልጅ ግን ማንን በደለ? በአርጩሜ የመጣ ፍቅርስ እስከ መቼ ይዘልቃል?

የእኛም አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን ያረጋግጣል። እጩ መምህራን ሆይ! ነገ ተመድባችሁ ስትሄዱ እንዲህ ያለ ልጅ ቢያጋጥማችሁ፣ ከሰልፍ ጎትታችሁ ከማውጣታችሁ በፊት ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት፤ ወላጆቹንም አነጋግሩ። ያቺ ጥያቄ ልጁን ከዓመታት ሙግት ታድነዋለችና።