ስለ ጣራ ሸክም

ጣራ ከፀሐይና ከዝናብ ይጋርድ ዘንድ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ባለቤቱ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ያፈሳል ወይስ አያፈስም ብሎ ነው። ስንት ይሸከማል ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የተከበራችሁ አንባብያን ሆይ፥ በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚሁ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

በረዶ በብዛት በሚወርድበት አገር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይነሣል። ለአገራችንም በረዶ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ በአዱሊስ ቆሞ የነበረውና በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው መንገደኛ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሕፈት፥ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ መኖሩን ያወሳል። ድሬዳዋ ግን ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብላ በቆላ የተቀመጠች ናትና፥ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውን በረዶ አታውቀውም።

የዚህ ጥጥ መሳይ ነገር ክብደት ቀላል አይምሰላችሁ። አዲስ የወረደው በረዶ በአንድ ሜትር ኩብ 1 ኩንታል ያህል ቢመዝን፥ ውሃ የጠጣው 3 እና 4 ኩንታል ይደርሳል። በዋሽንግተን ከተማ ጥር 20 ቀን 1914 ዓ.ም. ኒከርቦከር በተባለው የሲኒማ ቤት ጠፍጣፋ ጣራ ላይ 70 ሳንቲሜትር ያህል በረዶ ተከምሮ ሳለ፥ ሕዝቡ ትርኢት ሲመለከት ጣራው ወድቆ 98 ሰዎች ሞቱ። ሥፍራው አዳምስ ሞርጋን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱበት ነው። በፖላንድም አገር በካቶቪትሴ ከተማ ጥር 20 ቀን 1998 ዓ.ም. በረዶው ያልተጠረገለት የትርኢት አዳራሽ ወድቆ 65 ሰዎች አልቀዋል። የቀኑ መገጣጠም የሚያስገርም ነው፤ ይልቁንም የሚያስገርመው የሁለቱ ምክንያት አንድ መሆኑ ነው።

በእኛ ዘንድ የበረዶውን ሥራ የሚሠራው አፈር ነው። በሐረር ጀጎልና በሐረርጌ ብዙ መንደሮች ያለው የቀድሞ ቤት ጣራው ጠፍጣፋ ሆኖ፥ በግንዶች ላይ እንጨት ተረብርቦ በአፈር የተደመደመ ነው። ለቆላ ሙቀት ከዚህ የሚሻል ጣራ የለም፤ ይህን ስንል ቆርቆሮ ወዳጆቻችን አይቀየሙን። ነገር ግን እስቲ እንቁጠረው። ቁመቱ 5፥ ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ቤት 20 ሳንቲሜትር አፈር ቢለብስ፥ ደረቁ አፈር ብቻ 60 ኩንታል ያህል ይሆናል። አንድ ግመል 2 ኩንታል ቢጭን፥ ይህ የ30 ግመሎች ጭነት ነው። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ከመጠኑ አንድ አምስተኛውን ያህል ውሃ ቢጠጣ 8 ኩንታል ይጨመራል።

ትልቁ ጥፋት ግን ከዝናቡ አይደለም። ጣራው ሲያፈስ የፊተኛው አፈር ሳይነሣ በላዩ አዲስ ጭቃ ይለጠፋል። በየዓመቱ 2 ሳንቲሜትር ብቻ ቢጨመር፥ በዚያው ቤት ላይ በዓመት 6 ኩንታል፥ በ10 ዓመት ሌላ 60 ኩንታል ይከመራል። በረዶስ ፀሐይ ሲያገኘው ይቀልጣል፤ ይህ ግን በልጅ ልጅ ጊዜም እዚያው ነው። ግንዱም በዚያው ልክ እያረጀ ምስጥ ይበላዋል።

ስለዚህ ከመጋቢት ዝናብ በፊት በየካቲት፥ ዳግመኛም በሰኔ ግንዶቹን ከውስጥ መመልከት ያስፈልጋል። መካከላቸው የጎበጠ፥ በግድግዳው አፍ ላይ ጫፋቸው የበሰበሰ፥ አፈር ያለ ነፋስ ከላይ የሚረግፍ፥ ደኅና ይዘጋ የነበረው በር ድንገት የሚይዝ እንደ ሆነ፥ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በዚያ ክፍል አይደሩ። በድሬዳዋ ስለ ውሃ ሲነሣ የሁሉ ዓይን ወደ ደቻቱ ይመለከታል፤ ከ250 በላይ ሰዎች ያለቁበት የ1998 ዓ.ም. የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ የሚረሳ አይደለምና። ዳሩ ግን ጣራ ሳይጮኽም ይወድቃል።

አፈሩን ማንሣት ካስፈለገ፥ ግንበኛ ወይም አናጢ አስቀድሞ ከታች በጠንካራ ምሰሶ ይደግፈው። አፈሩ በደረቀ ጊዜ፥ ከመሰላል ላይ፥ ከሁለቱም ወገን በእኩል ጥቂት በጥቂት ይቀነስ። በአንድ ወገን መከመር ያልተሸከመውን ግንድ ማሸከም ነው። የበረዶ አገር ሰዎችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ብዙዎቹ ረጅም እጀታ ባለው መጥረጊያ ከመሬት ሆነው ይስባሉ እንጂ ጣራው ላይ አይወጡም።

ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ መልካም ትእዛዝ ነው። ነገር ግን የመከታው የውሃ መውጫ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ሰገነቱ ኩሬ ይሆናል፤ 10 ሳንቲሜትር ውሃ በአንድ ካሬ ሜትር 1 ኩንታል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሳላስበው የደረሰ ነው ማለት አያድነውም። ቤቱን ያከራየ ጌታ ይህን ቢያነብ ይጠቀማል።

የቆርቆሮ ጣራ ራሱ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ግን ነፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጭንበታል። ቆርቆሮውን በምስማር አጥብቆ ድንጋዩን ማውረድ ይሻላል። አሸንዳውም ከዝናብ በፊት ይጠረግ። የውሃ ማጠራቀሚያ በጣራ ላይ ለመስቀል የሚያስብ ሰው፥ 1,000 ሊትር ውሃ 10 ኩንታል መሆኑን አስቦ፥ ለብቻው ከመሬት በተነሣ ማማ ላይ ያቁመው።