ለኦሲዲ መድኃኒት እንዳለው ቡታጅራና ወልቂጤ ይስሙ

ገና ረፋድ ላይ አንድ ጀሪካን ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ብቻ ያልቃል። እጁ ተሰነጣጥቆ ደም እስኪቋጥር የሚታጠበው ሰው ንጹሕ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ ካልደገመው ግን ጭንቀቱ አይለቀውም። ሌላው ሱቁን ቆልፎ መናኸሪያ ከደረሰ በኋላ ይመለሳል፤ ቁልፉን ነካክቶ ይሄዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። ጸሎቱን ወይም ውዱኡን «አልሞላም» እያለ ከመጀመሪያው የሚጀምርም አለ። ጎረቤት «ጥንቁቅ ነው» ይላል። ቤተሰብ ሲጨንቀው ጠበል ወይም ዱዓ ይወስደዋል።

ሕመሙ ኦሲዲ ይባላል።

ቡታጅራ ለአእምሮ ሕመም እንግዳ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1986 በአካባቢው የጤና ክትትል ጣቢያ መሠረተ፤ ከ1998 ጀምሮም ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ስኪዞፍሬኒያና ባይፖላር ያለባቸው ተለዩ። ይህ ጥናት አገርን ያስተማረ ነው። ትኩረቱ ግን በከባዶቹ ሕመሞች ላይ ነበር። የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም ለድብርት፣ ለሳይኮሲስና ለሚጥል ሕመም ምዕራፍ ሲሰጥ ለኦሲዲ የብቻው ምዕራፍ የለውም። በሽተኛው እጁን ደብቆ ሲመጣ ማን ይጠይቀው?

መድኃኒቱ እኮ ብርቅ አይደለም። ለድብርት የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን ለኦሲዲም ይሠራል፤ ሰርትራሊንም እንዲሁ። ቀደም ብሎ የታወቀው ክሎሚፕራሚን በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዚሁ ሕመም ተመዝግቧል፤ አፍ ማድረቅና ሆድ ማድረቅ ስላለበት፣ ልብንም ስለሚነካ ጥብቅ ክትትል ይፈልጋል። ልዩነቱ መጠኑና ጊዜው ላይ ነው። ለድብርት 20 ሚሊ ግራም ፍሉኦክሰቲን ሊበቃ ይችላል፤ ለኦሲዲ ግን ሐኪሙ ቀስ በቀስ እስከ 60፣ አንዳንዴም እስከ 80 ያደርሰዋል። ውጤቱን ለመፍረድ ከ10 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያሻል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልፋል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም።

ክኒን ብቻውን ሁሉንም አያድንም። የሚፈራውን ነገር ነክቶ ሳይታጠቡ መቆየትን ደረጃ በደረጃ የሚያለማምደው የንግግር ሕክምናም ፍቱን ነው፤ የሠለጠነ ነርስ ሊሰጠው ይችላል።

ስለዚህ የቡታጅራና የወልቂጤ የጤና ኃላፊዎች ኦሲዲን በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሥልጠና ውስጥ ያስገቡ፤ ጉብሬ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ያግዛቸው። ቤተሰብም ጸሎቱን ሳይተው በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ይውሰደው፤ የተጀመረውንም መድኃኒት ሐኪም ሳያማክር አያስቁመው።