«የደገኛ ሳንባ» እያልን የተራበ ደረት አንደብቅ

ወገን፣ አሸተን ማርያም ዳገት ላይ ቱሪስቱ ሲያለከልክ የላስታ ልጅ እያፏጨ ያልፈዋል። «ደገኛ እኮ ሳንባው ብረት ነው!» እንላለን።

ኩራቱ መሠረት አለው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። በ1995 ዓ.ም. የታተመው፣ አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል የመራችው ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ፣ ደማቸው እንደ ባሕር ጠረፍ ሰው በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ አግኝቶታል።

ግን ይሄ ስለ ደም ነው። ሳንባ የሚያድገው በምግብ ነው፤ እድገቱም እስከ 20ዎቹ መጀመሪያ ይቀጥላል። የሚያስተነፍሰን ድያፍራም ጡንቻ ነው፤ ሰውነት ሲከሳ እሱም አብሮ ይከሳል። ያኔ አየር በደንብ መሳብ ብቻ ሳይሆን አክታን በሳል ማውጣትም ይከብዳል፤ ጉንፋኑ ደረት ላይ ይከርማል። (ከተማ ገብቶ ቦርጭ ያወጣውም አልዳነም፣ ሆዱ ድያፍራሙን ወደ ላይ እየገፋ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። የኛ አገር ጣጣ ግን ይሄ አይደለም።)

በ1997ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀነጨሩ ነበሩ። ያ ትውልድ ዛሬ 20ዎቹ ውስጥ ነው። እኛ ነን ማለት ነው።

የሚያናድደኝ ደግሞ ልኬቱ ነው። ስፓይሮሜትር የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ ውጤቱን የሚያወዳድረው «በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ጾታ፣ በዚህ ቁመት ይሄን ያህል ይጠበቃል» ብሎ ነው። ረሃብ ቁመቱን የቀማው ልጅ ታዲያ የሚወዳደረው ከአጭር ሰው ጋር ነው። ወረቀቱ «ኖርማል» ይላል። ጠግቦ ቢያድግ ሊኖረው ከሚችለው ሳንባ ጋር ማን ያወዳድረው?

እሱም መሣሪያው ከተገኘ ነው። ሚዛን እንኳ የሚወጣው ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ነው። የ22 ዓመት ጎረምሳ 45 ኪሎ ቢሆን ማን ያውቃል? ክብደቱን የሚጠይቀው ወታደር መልማይ ብቻ ነው።

«ተፈጥሯችን ነው፣ ቀጭን ነን» የሚለውን መልስ አልቀበልም። ቁመቱ 1.70 ሜትር ሆኖ ከ53 ኪሎ በታች የሚመዝን ወጣት በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከስቷል፣ አለቀ። ከቢልባላ እስከ ሹምሸሃ በየጤና ኬላው ያለው ሚዛን ለወጣቱም ይውጣ። የትምህርት ቤት ምገባውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪውን ይጨምር፤ የሱም ሳንባ ገና እያደገ ነው።