ክሬዎንም አጎት ነው

ባለፈው ሳምንት በሥነ ጽሑፍ ክፍላችን ስለ ሶፎክልስ ተውኔት ስለ «አንቲጎኔ» ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንድ ወንድማችን ቆመና፥ «አንቲጎኔ ማለት ዘመድ ናት፤ ክሬዎን ማለት መንግሥት ነው፤ አገራችን ወደ ኋላ የቀረችው ዘመድ መንግሥትን እያሸነፈ ስላስቸገረ ነውና እኔ የክሬዎን ወገን ነኝ» ሲል ተናገረ። ተጨበጨበለት። መምህራችንም ፈገግ አሉ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም፤ ምክንያቱንም ሰዓቱ ስላለቀ ለመናገር አልቻልኩምና በዚህ ገጽ ላይ እንድጽፈው ይፈቀድልኝ።

ተውኔቱን ላላነበቡ ነገሩ እንዲህ ነው። የቴባይ ንጉሥ የነበረው የኤዲጶስ ሁለት ወንዶች ልጆች በዙፋን ተጣልተው እርስ በርሳቸው ተጋደሉ። አጎታቸው ክሬዎን ነገሠና አንደኛውን በክብር አስቀበረ፤ ሁለተኛውን፥ ፖሊኔይኬስን፥ ግን የውጭ ጦር አምጥቶ አገሩን ወግቷል ብሎ እንዳይቀበር፥ እንዳይለቀስለትም ዐዋጅ አስነገረ። እኅቱ አንቲጎኔ ዐዋጁን ጥሳ አፈር አለበሰችው። ክሬዎንም ከነሕይወቷ በዋሻ አዘጋባት።

እንግዲህ ወንድማችን የዘነጋው አንድ ነገር አለ። ክሬዎን የአንቲጎኔ የእናቷ ወንድም ነው። ዙፋኑንም ያገኘው ሕዝብ መርጦት አይደለም፤ ገና በመጀመሪያው ንግግሩ ለሟቾቹ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ሥልጣኑ እንደ ተላለፈለት ራሱ ይናገራል። ዘመድነት ለእሱ ዙፋን ሲያወርሰው ሕግ ነው፤ እኅት ወንድሟን ስትቀብርበት ግን ወንጀል ነው! እኔ በዚህ ውስጥ የማየው የዘመድና የመንግሥት ጠብ አይደለም። የማየው፥ ከአንድ ቤት የወጣ ሰው «እኔ መንግሥት ነኝ፤ እናንተ ግን ዘመድ ብቻ ናችሁ» ሲል ነው።

ይህን ለመረዳት ግሪክ አገር ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ከዚሁ ከደብረ ታቦር ደጃፍ መነሣት ይበቃል። ከተማውን የቆረቆሩት ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ራስ ዓሊ እዚህ ተቀምጠው ሲያስተዳድሩ መንግሥት ማለት እናታቸው እቴጌ መነን፥ አጎቶቻቸውና አማቾቻቸው ማለት ነበር። የቋራው ካሣ ባስቸገራቸው ጊዜ ምን አደረጉ? ልጃቸውን ተዋበችን ዳሩለት። የመንግሥት ጉዳይ በሠርግ ያልቃል ተብሎ ታሰበ። ነገር ግን ተዋበች ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ለባሏ ታመነች። ካሣም በ1839 እቴጌ መነንን ማረከ፤ በሰኔ 1845 አይሻል ላይ አማቱን ድል ነሣ፤ በየካቲት 1847 ደረስጌ ማርያም ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። (አንቲጎኔ፥ «ለባል ወይም ለልጅ ስል ይህን ባላደረግሁ ነበር፤ ባል ይተካል፥ እናት አባት ከሞቱ በኋላ ግን ወንድም አይተካም» የሚል አሳብ አላት። የኛይቱ ተዋበች ይህን ብትሰማ ምን ትል ይሆን እያልኩ ሳስብ ሰንብቻለሁ።) ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ተዋበችን በታማኝነቷ ያመሰግኗታል፤ እኔም አመሰግናታለሁ። ሆኖም ካሣ አይሻል ላይ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ያችው ሴት አባቷን የከዳች ልጅ ተብላ በተጻፈች ነበር። ታማኝነቷን የመዘነው ሚዛን የድሉ ሚዛን ነው።

ከዚህ የባሰው ግን የንግሥት ዘውዲቱና የራስ ጉግሣ ወሌ ነገር ነው።

መስከረም 17 ቀን 1909 ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ተሻሩና የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ራስ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። መኳንንቱ ግን ለዘውዱ ዋጋ ጠየቁበት፤ ንግሥቲቱ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ይለዩ አሉ። ስለምን? ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩና የጣይቱ ወገን ተመልሶ ቤተ መንግሥት እንዳይገባ ተፈራ። ልብ በሉ፤ ባልና ሚስቱን የለያቸው ሕግ አይደለም፤ አንዱ ቤተ ዘመድ ሌላውን ቤተ ዘመድ መፍራቱ ነው። ንግሥቲቱ የተቀመጡበት ዙፋን የአባታቸው ነውና በዘመድነት አገኙት፤ በዘመድነት ባገኙት ዙፋን ምክንያት ደግሞ ባላቸውን አጡ።

ራስ ጉግሣ በጌምድርን እየገዙ፥ ሚስታቸው አዲስ አበባ ላይ ነግሠው፥ ዓመታት አለፉ። በ1922 ጉግሣ ሸፈቱ ተባለና የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ዘመቱባቸው። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ጦርነት ሆነ። በዚያ ዘመቻ አውሮፕላን በአገራችን ጦርነት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋለ። መጀመሪያ የወረደው ቦምብ አልነበረም፤ ወረቀት ነበር። ጉግሣ ዐመፀኛ መሆናቸውን የሚናገር ዐዋጅና ከቤተ ክህነት የወጣ ውግዘት ከሰማይ ተበተነ። ቦምቡ ከዚያ በኋላ ተከተለ። ራስ ጉግሣ በጦሩ ሜዳ ወደቁ፤ መጋቢት 24 ቀን ንግሥት ዘውዲቱ አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ከኀዘን ነው ያለም አለ፥ ከበሽታ ነው ያለም አለ። በሁለቱ ሞት መካከል ያለው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነው።

በሶፎክልስ ተውኔት ዕውሩ ነቢይ ቴይሬስያስ እየተመራ መጥቶ ንጉሡን ፊት ለፊት ይገሥጸዋል፤ «ሙታንን ለሙታን ተውላቸው» የሚል ዐይነት ምክር ይመክረዋል። ጋብቻ እንዳይፈርስ የምታስተምረው የኛ ቤተ ክርስቲያን ግን በ1909 ለባልና ሚስቱ አልቆመችላቸውም፤ በ1922 ደግሞ ውግዘቷን በክሬዎን አውሮፕላን ጫነች። ቴባይ ቢያንስ ቴይሬስያስ ነበራት።

አውቃለሁ፤ «ተፈሪ ሥልጣኔን ይዘው ነበር፥ ጉግሣ ግን የአሮጌው ዘመን ሰው ነበሩ» ትሉኛላችሁ። እኔ የራስ ጉግሣ ጠበቃ አይደለሁም። የፋርጣና የጋይንት ገበሬ በሳቸውም ዘመን ገባር ነበር፤ ከሳቸውም በኋላ ገባር ሆኖ ቆየ። ነገር ግን ያ አሸናፊ መንግሥት ራሱ ምን ደረሰበት? ንጉሠ ነገሥቱ በ1967 በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ፤ መቃብራቸው ለቤተ ሰባቸው አልተነገረም። ልጃቸው ልዕልት ተናኘወርቅ በእስር ቤት ነበሩ። ዐፅማቸው የተገኘው በ1984 ነው፤ በሥርዐት የተቀበሩት በ1993 ነው። የአንቺም ክሬዎን ፖሊኔይኬስ ሆኖ ሃያ አምስት ዓመት ቆየ ማለት ነው።

ደርግ ደግሞ ዘመዴ ብሎ የሚያዳላ መንግሥት አልነበረም ይባልለታል። በ1969 እና በ1970 በቀይ ሽብር ጊዜ የወጣቶች ሬሳ መፈክር ተለጥፎበት በየመንገዱ ተጣለ፤ እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ልጇን የገደለው ጥይት ዋጋ የተጠየቀችም አለች። ወንድማችን ክፍል ውስጥ ያወደሰው ዘመድ የማያውቅ መንግሥት ይህ ነው፤ እንዲያው ስሙን ሳያነሣ ቀረ እንጂ።

«ታዲያ በየመሥሪያ ቤቱ ዘመድ ዘመዱን ሲስብ ዝም እንበል ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ያለ ቦታው ግን ገብቷል። አንቲጎኔ ለወንድሟ ሹመት አልለመነችም፥ ርስት አልጠየቀችም፥ ከሌላ ሰው አፍ ነጥቃ አላጎረሰችውም። የለመነችው አንድ እፍኝ አፈር ነው። በዘመድነት ወንበር የያዘው ክሬዎን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ዘመዳ ዘመድ በአንቲጎኔ ላይ መለጠፍ የሌባውን ጥፋት በባለቤቱ ላይ እንደ መለጠፍ ነው።

የኛ አገር ገዥዎችም ቢሆኑ ዘመድነትን ሊያጠፉት ፈልገው አያውቁም፤ መያዣ አደረጉት እንጂ። በአውጫጭኝ ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተከትቶ፥ እርሻውን ፈትቶ፥ ጥፋተኛው በስም እስኪወጣ ይቆይ ነበር። ሰው ሸፍቶ ጫካ ሲገባ ሚስቱና እናቱ ይታሰሩ ነበር። እናት ለልጇ እንደማትጨክን ካላወቀ ማን እናት ያስራል?

ተውኔቱን ተርጉመን በዓመቱ መጨረሻ እናሳይ የሚል አሳብ መቅረቡን ሰምቻለሁ፤ እኔም እደግፈዋለሁ። አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ክሬዎን ሆኖ የሚጫወተውን ልጅ የወታደር ልብስ አታልብሱት። ጋቢ አልብሱት፤ ሲገባም አንቲጎኔ እንደ አጎቷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ትቀበለው።